ሳይነካ የተመለሰ ውሃ

አይሱዙው ከጣርማ በር ዋሻ ሲወጣ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ተደፋ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠችው ፀሐይ ዐይኗን በእጇ ጋረደች። ከኋላ የተጫኑት የብረት አልጋዎች በየመታጠፊያው እርስ በርስ ይላተማሉ። ጭጋጉ ገደሉን ሞልቶታል። ሾፌሩ በድሩ የራሱን መስኮት ዘግቶ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠመጠመ።

“የእናንተ አገር ሰው ልጁን ፀሐይ የሚለው ናፍቃው ነው” አላት።

“የእኔ አገር ደብረ ሲና ናት። ጭጋጉ የጣርማ በር ነው።”

“ጎረቤት አይደላችሁ? ሻይ ሳልጨርሰው የሚቀዘቅዝብኝ እናንተ ዘንድ ብቻ ነው።”

“ስታወራ ነዋ የሚቀዘቅዝብህ።”

በድሩ ሳቀና ማርሹን ቀነሰ። ቁልቁለቱ ተጀመረ። ጊዜው የሁለት ሺህ አሥራ አራት ግንቦት ነበር። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም ተፈትቷል። ኅዳር ላይ ጦርነቱ በሸዋ ሮቢት በኩል አልፎ ከሄደ ወዲህ ከተማዋ የተበሳ ቆርቆሮዋን እየቀየረች፣ የተሰበረ በሯን እያስጠገነች እዚህ ደርሳለች። ከደጋውም ከቆላውም መንደር ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ሴት ልጆች ግን ከዱሮው በዝተዋል። ቀን ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ይውላሉ፤ ሲመሽ የሱቅ በረንዳ ይፈልጋሉ። ፀሐይ ከደብረ ብርሃን ጭና የምትወርደው አልጋ ለእነሱ ነው። የሚያድሩበት ቤት ነገ ይከፈታል፤ እሷም የቤቱ ሞግዚት ሆና ተቀጥራለች።

“ኑዕማንን ትናንት ጀውሃ አገኘሁት” አለ በድሩ፣ አሁን ሳይስቅ። “ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ሪሀናን ይዟት ይመጣል።”

“ሊተዋት?”

“ሊያይ። ቃሉን አልቀየረም። እትዬ ሐጂራ ቤቱን አይተው ‘የእኔን ልጅ አስተኛበታለሁ’ ካሉ ትቀራለች። ካላሉ የደላላው መኪና ሲመሽ ከጀውሃ ይነሣል። ለእሷም ቦታ ተይዞላታል።”

ሪሀና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ አጎቷ ኑዕማን አሳደጋት። ከራሱ ልጆች ጋር አንድ ላይ ማብላት ሲያቅተው ጀውሃ ካሉት የሾፌሮች ምግብ ቤቶች በአንዱ አስገባት። ቀን ሳህን ታጥባለች፣ ማታ ከባንኮኒው ጀርባ ትተኛለች። የዚያ ቤት በር ከውስጥ አይቆለፍም። ኑዕማን ይህን ያወቀ ዕለት ከዚህስ ባሕሩን አቋርጣ ዐረብ አገር ትግባ ብሎ ወሰነ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም።

“አንቺ ለምን አትነግሪውም?” አለ በድሩ። “ባሕሩን አይተሽዋል።”

“ነገርኩት።”

“ምን አለ?”

“‘አንቺ ተመልሰሻል’ አለኝ።”

በድሩ ከንፈሩን መጠጠ። ደብረ ሲና ላይ ፀሐይ ጋቢዋን አወለቀች፤ አርማንያ ላይ መስኮቱን ከፈተች፤ ሸዋ ሮቢት ሲገቡ የመቀመጫው ላስቲክ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኒም ዛፎች ካሉበት መታጠፊያ ላይ ነው። የመምህርት ንግሥት የራሷ መኖሪያ ነበር። እሷ አሁን ከበሩ አጠገብ ባለችው አንዲት ክፍል ተወስና ሌላውን በሙሉ ለልጆቹ ለቃለች። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች፣ ጥቁር ሻሿን ገና ያላወለቀች ሴት ናት። ባሏ አቶ ናትናኤል የግብርና ባለሙያ ነበር። በኅዳሩ ጊዜ ሞተ። ከዚህ በላይ ፀሐይ ከእሷ አፍ ሰምታ አታውቅም።

ከግቢው ሎሚ ሥር ሰፋፊ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋዮች ተከምረዋል። ከበር እስከ በረንዳ መራመጃ ሊያነጥፍባቸው ከሮቢ ወንዝ እየመረጠ ያመጣቸው ናትናኤል ነው ይላሉ። ቤቱ ሲታደስ ግንበኞቹ በክምሩ ዙሪያ እየዞሩ ሠሩ እንጂ ማንም አልነካቸውም። አትንኩ ያለም የለም።

አልጋዎቹ ገብተው ፍራሹ ሲነጠፍ እትዬ ሐጂራ ደረሱ።

እትዬ ሐጂራ በጨርቅ ንግድ ያረጁ ሴት ናቸው። ከይፋት ቆላ መንደሮች ሴት ልጅ ስትዳር ጨርቁ ከእሳቸው ይገዛል፣ ምክሩም ከእሳቸው ይሰማል። ጥቁር ጃንጥላቸውን አጥፈው በቀኝ እግራቸው ገቡ።

“ቢስሚላህ። እንዴት አረፈዳችሁ ልጆቼ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ፣ አረፍ ይበሉ” አለች ንግሥት።

“ካየሁ በኋላ አርፋለሁ። ቁጭ ካልኩ ዐይኔም ቁጭ ይላል።”

አልጋውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። መስኮቱን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው መቀርቀሪያውን ደጋግመው ሳቡት።

“ቁልፉ የማን ነው?”

“የልጆቹ። ከውስጥ ይቆለፋል።”

“ከውጭስ?”

“ከውጭ ቁልፍ የለውም፣ እትዬ። የሚቆልፍባቸው ሰው አይኖርም።”

“ማሻአላህ።”

ማጀቱን አዩ። ሁለት ነው፤ የየራሱ ምድጃ፣ የየራሱ ድስት። ቢላዋዎቹን አንሥተው የአንዱን እጀታ ነኩ።

“ይኼ ክር ምንድን ነው?”

“የእናንተው ቢላዋ ነው” አለች ፀሐይ። “እንዳይቀላቀል ብለን ነው። ሥጋው ከየወገኑ ቤት ታርዶ ይመጣል።”

“እናንተ ጾም ላይ ሆናችሁ የእኛ ልጆች ጥብስ ጥብስ ቢሸቱባችሁስ?”

“እንግዲህ አፍንጫችንን እንይዛለን።”

እትዬ ሐጂራ ፈገግ አሉ። ምንጣፍ የተነጠፈበትን የሶላት ክፍል ሲያዩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ንግሥት ከኋላቸው ቆማ ትንፋሿን ቀስ ብላ ስትለቅ ፀሐይ ሰማቻት።

“ውሃ ስጡኝ እስቲ” አሉ እትዬ ሐጂራ።

ፀሐይ ሰማያዊውን የላስቲክ ጆግ ከበርሜሉ ሞልታ ሰጠቻቸው። ሴትየዋ ወደ ጓሮ ዞረው ወደ አዲሶቹ ሽንት ቤቶች ሄዱ። አንዱን በር ከፈቱ። ጥቂት ቆሙ። ቀጥሎ ያለውንም ከፈቱ። ከዚያ ተመልሰው ጆጉን በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ጃንጥላቸውን አነሡ።

“ጥሩ ቤት ነው። አላህ የደከማችሁበትን ይቁጠርላችሁ። እኔ ቤቴ የተውኩት ነገር አለ።”

“ሳያርፉ?” አለች ንግሥት። “ኑዕማን ሲመጣስ ምን እንበለው?”

“ሲመጣ አላህ ያውቃል።”

ወጡ። ንግሥት በረንዳው ላይ ቆማ ቀረች።

“በሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር” አለች፣ ለፀሐይ ይሁን ለራሷ ሳይለይ። “ምን አጎደልኩ?”

ፀሐይ ጆጉን ልታነሣ እጇን ሰደደችና ክብደቱ አቆማት። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሙስሊም ሴት ውሃ ይዛ ሽንት ቤት ገብታ ውሃው ሳይነካ አይመለስም። ጅዳ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ስትኖር ይህን ሺህ ጊዜ አይታለች። ጆጉን አስቀምጣ ሮጠች።

እትዬ ሐጂራን ኒሞቹ ጥላ ሥር ደረሰችባቸው።

“እትዬ፣ ውሃውን አልነኩትም።”

“ዐይንሽ ደህና ነው።”

“ምን አይተው ነው? ይንገሩኝ። ቢቆጡም ይቆጡኝ።”

“ምን ያስቆጣኛል? ቤት አሰናድቶ የጠራን ሰው በሽንት ቤቱ አይወቅሱትም፤ ነውር ነው። ግቢው ውስጥ ወንዶችም ነበሩ።” ዞር ብለው መንገዱን አዩ። ሰው የለም። “አንቺ ሴት ነሽ፣ ልንገርሽ። ቂብላችን ወዴት ነው?”

ፀሐይ ወደ መስጊዱ ተመለከተች። ኢማሙ ቆሞ የሚያሰግድበት ሚህራቡ ወደ ሰሜን ነው። ከዚህ አገር መካ በቀጥታ በሰሜን ናት።

“ወደዚያ።”

“ሽንት ቤታችሁስ ሰውን ወዴት አዙሮ ያስቀምጣል?”

ፀሐይ ዐይኗን ጨፈነች። አራቱንም ክፍሎች በሐሳቧ ገብታ ተቀመጠችባቸው። አራቱም ወደ ሰሜን።

“ለሶላት ወደምንዞርበት፣ ለዚያ ጉዳይ አንዞርም” አሉ እትዬ ሐጂራ። “ፊትም ጀርባም አይሰጡበትም። አንዳንዱ የሃይማኖት ዐሊም ግድግዳ ካለው ችግር የለውም ይላል። የእኛ እናቶች ግን እንዲያ አላስተማሩንም።”

“ሰው ትንሽ ዘወር ብሎ ቢቀመጥስ?”

“እኔማ ዘወር እላለሁ። በሰው ቤት ስንት ጊዜ ዘወር ብያለሁ። ልጆቹ ግን፣ ፀሐይ፣ በየሰው ቤት ዘወር ሲሉ ነው የኖሩት። ባንኮኒ ሥር ዘወር፣ በረንዳ ላይ ዘወር። እዚህም መጥተው በየቀኑ ዘወር ካሉ ይኼም የሰው ቤት ነው። ለዚህ ደግሞ ‘ልጄን አስተኛበታለሁ’ ብዬ አልዋሽም።”

ፀሐይ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤት ስታጥብ፣ መቀመጫው ወዴት እንደዞረ አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

“ከአስር በኋላ ይመለሱልኝ፣ እትዬ። ጆጉን እኔው እሞላዋለሁ።”

“ሲሚንቶ በግማሽ ቀን ይዞራል?”

“አላውቅም። ጋሼ ገብረሚካኤልን እጠይቃለሁ።”

ጋሼ ገብረሚካኤል የቀወት ገበሬና ግንበኛ ነው። ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር መሣሪያውን እያጠበ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማና የልስን ማንኪያውን አስቀመጠ።

“ስንት ሽንት ቤት ሠርቻለሁ። ለሙስሊምም ሠርቻለሁ። ማንም አልተናገረኝ።”

“እነሱ ቤታቸው ስትሠራ አቅጣጫውን ራሳቸው ያሳዩህ ነበር” አለ በድሩ። ከመኪናው ገመድ እየፈታ ነበር። “እዚህ የሚያሳይህ አልነበረም።”

“አንተስ ሙስሊም አይደለህም? ስትወጣ ስትገባ የት ነበርክ?”

“እኔ ሾፌር ነኝ። የእኔ ሽንት ቤት ከጎማው ጀርባ ነው።”

ገብረሚካኤል ሊስቅ ፈለገና ተወው። ንግሥት ቀረብ አለች።

“ጋሼ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው። ስለ ማጀቱ ጠየቅኩ፣ ስለ ምንጣፉ ጠየቅኩ። ስለዚህ ግን ልጠይቅም አላሰብኩ። ወደ ምሥራቅ ቢዞር ይሆናል?”

“ወደ ምሥራቅ አላዞርም።”

“ለምን?”

ሰውየው በእጁ ከምሥራቁ አጥር በላይ አመለከተ። ከዛፎቹ በላይ የሚካኤል ጉልላት ይታያል።

“መጀመሪያውኑ ወደ ሰሜን ያደረግኩት ለዚህ ነው። ታቦት ባለበት፣ ቆመን በምንጸልይበት አቅጣጫ ሰው ቁጢጥ ይበል? ማንም ባያዘኝ እጄ እንቢ አለኝ። ስሙን ተሸክሜ እየዞርኩ።”

ፀሐይ ሰውየውን አየችው። እትዬ ሐጂራን ከደጅ የመለሳቸውና የገብረሚካኤልን እጅ የያዘው አንድ ነገር መሆኑ ገባት፤ እሱም ሳይገባው አልቀረም፣ ፂሙን ይጎትት ጀመር።

“ወደ ምዕራብስ?” አለች ንግሥት።

“ጀርባቸው ለታቦቱ ነዋ።”

“እንግዲያው ሰያፍ አድርገው” አለ በድሩ። “እኔ ሁለት መኪና መሀል ሳልነካ ለመቆም ሰያፍ እገባለሁ።”

ገብረሚካኤል ተነሥቶ አንዱን በር ከፈተ። ቀዳዳው ክብ ነው። ሰውን የሚያዞረው ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ከፍ ብሎ የተለሰነው የእግር መርገጫ ነው። ጎንበስ ብሎ በማንኪያው ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ሰያፍ መስመር ጫረ። መስመሩ በደቡብና በምዕራብ መሀል ወጣ። ቀና ብሎ በዚያ በኩል ያለውን ተራራ አየ።

“ፊታቸው ወደ ጣርማ በር ይሆናል” አለ። “ጣርማ በር ላይ የሚጸልይ የለም።”

“የእኔን አገር ነው የመረጣችሁለት?” አለች ፀሐይ።

“ጭጋጉ የጣርማ በር ነው አላልሽም? ደብረ ሲና አልተነካችም” አለ በድሩ።

በዚያ ቀን ንግሥት የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በመዳፏ ሸፈነችው።

መሮና መዶሻ ወጣ። ገብረሚካኤል ፎጣውን አፉ ላይ አስሮ የራሱን ሥራ መስበር ጀመረ። በድሩ ስባሪውን ያወጣል፣ ፀሐይ አሸዋ ትነፋለች። ፀሐይቱ አናት ላይ ቆመች፤ ቆርቆሮው እየሰፋ ይንጣጣል። ከመስጊዱ የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ በድሩ እጁን ታጥቦ ሄዶ ሰግዶ ተመለሰ። የሁሉም ክፍሎች መርገጫ ከተነሣ በኋላ ግን ገብረሚካኤል ቆመ።

“አዲስ ብለስን እስከ ማታ አይደርቅም። ሰው ሲረግጠው ይፈርሳል። ጡብ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢኖር፣ ጭቃውን ወፍራም አድርጌ ብቀብረው ዛሬውኑ ይሸከማል።”

“ጡብ ከየት ይመጣል?” አለ በድሩ።

“ደብረ ብርሃን።”

“ስመለስ እኮ ነገ ነው።”

ማንም ወደ ሎሚው አላየም። አለማየታቸው ግን ይታይ ነበር። ገብረሚካኤል ቁና ቁና እየተነፈሰ መሬት መሬቱን ያያል። በድሩ እጁን ከሱሪው ጋር ይጠርጋል። ፀሐይ ወንፊቱን ይዛ ቀረች። ከጀውሃ የሚነሣው መኪና በዐይነ ሕሊናዋ መጣ። ልጆቹ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚቀመጡበት ታውቃለች።

ንግሥት ወደ ሎሚው ሄደች። ከላይ ያለውን ድንጋይ አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጠርዙን በጣቷ ተከትላ ዞረች። ከዚያ ቀና አለች።

“እነዚህ ይሆናሉ፣ ጋሼ?”

“ይሆናሉ” አለ ገብረሚካኤል ቀስ ብሎ። “ግን እመቤቴ፣ ለዚህ ሥራ…”

“መርገጫ ይሁኑ ብሎ ነው ያመጣቸው። ቢሰማ ይስቅ ነበር።”

የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሷ አንሥታ ሆዷ ላይ አስደግፋ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ማንም ልርዳሽ አላላትም።

የአስር ሶላት ካለፈ በኋላ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ኑዕማን ወረደ፤ ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ሽርጥ ያሸረጠ ሰው ነው። ከኋላው ሪሀና ወረደች። እጇ በሳሙና ውሃ ተልጦ ነጥቷል። ልብሷ የታሰረበትን ፌስታል አጎቷ ይዞታል፤ ለእሷ አልሰጣትም።

“እንደምን ዋላችሁ።”

“ደህና፣ አልሐምዱሊላህ በል” አለ በድሩ። “ግባ እንጂ።”

“እዚሁ ደህና ነኝ። እትዬ ሐጂራ የሉም?”

“አለሁ” አሉ እትዬ ሐጂራ ከኋላው። ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። ወደ ማንም ሳያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ፀሐይ ሰማያዊውን ጆግ ሰጠቻቸው።

ወደ ጓሮ ዞሩ። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ።

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚሠራው ነገር ፈለገ። በድሩ የተፈታውን ገመድ እንደገና ይጠመጥማል። ገብረሚካኤል የታጠበውን ማንኪያ ያጥባል። ንግሥት ክምሩ የነበረበትን፣ ሣር የሌለበትን እርጥብ መሬት በእግሯ ትደመድማለች። ሪሀና አንዱን አንዱን እያየች ምን እንደሚጠበቅ ሊገባት አልቻለም። “ምን ሆነው ነው?” ብላ አጎቷን በሹክሹክታ ጠየቀችው። “እኔ ምን አውቃለሁ” አላት።

ከጓሮ የውሃ ድምፅ መጣ።

ገብረሚካኤል ማንኪያውን ማጠብ አቆመ።

እትዬ ሐጂራ ተመለሱ። ጆጉ በጣታቸው ተንጠልጥሎ፣ አፉ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ የመጨረሻውን ጠብታ ይጥላል።

“ገብረሚካኤል።”

“አቤት እትዬ።”

“ድንጋይህ አልተነቃነቀም። ማን መረጠው?”

ገብረሚካኤል ወደ ንግሥት አየ።

“ናትናኤል ነው” አለች ንግሥት። ስሙ ከአፏ ሲወጣ ፀሐይ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ድምፁ እንደ ሌላው ቃል ሁሉ ደህና ወጣ።

“አላህ ነፍሱን ይማረው። ዐዋቂ ነበር” አሉ እትዬ ሐጂራ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩና ባዶውን ጆግ ዘረጉላት። “ሂጂ ሙዪው። የቤት ጆግ ባዶ አይቀመጥም።”

ሪሀና ተቀብላ ወደ በርሜሉ ሄደች።

ኑዕማን ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ።

“እትዬ፣ ያልኩዎትን ቃል አልነገሩኝም።”

“ምን ልንገርህ? ልጅቷን ውሃ አዘዝኳት እኮ። በሰው ቤት አዛለሁ?”

ሰውየው ከዚያ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ገባና ፌስታሉን ከመጀመሪያው አልጋ ላይ አኖረው። ሲወጣ መቀርቀሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሳበው።

የበርሜሉ ቧንቧ ቀጭን ነበር፤ ጆጉ እስኪሞላ ጊዜ ወሰደ። ሪሀና እንዳይፈስባት በሁለት እጇ ይዛው ፀሐይ አጠገብ ደረሰች።

“የት ላስቀምጠው?”

“ከጓሮው በር በስተቀኝ። ነገ ሌሎቹ ሲመጡ ቦታውን የምታሳያቸው አንቺ ነሽ።”